ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሰሌዳ

ስለ ዳሲቱ ኦልጅራ ሳወራ ደሜ ይፈላል፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጆቼ «አባባ፣ በቃህ ተወው፣ ስንት ዓመት ያለፈው ነገር ነው» ይሉኛል። አልተወውም። እኔ ብተወው ማን ሊያወራው ነው?

ቀናው እባላለሁ። አቃቂ ላይ፣ ሃዲዱ የመኪናውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ ስዘጋና ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ። ባቡር ሲመጣ ብረቱን አወርዳለሁ፣ ሲያልፍ አነሳለሁ። አባቴም የባቡር ሰው ነበር፤ ቤታችን የሚነቃውም የሚተኛውም በባቡር ጡሩምባ ነበር። በመጨረሻው ዘመን ላይ ግን ባቡሩ በሳምንት አንዴ፣ ቆይቶም በወር አንዴ ብቅ የሚል እንግዳ ሆነ። በሃዲዱ መሀል ሣር በቅሎ ፍየል ይግጥበት ጀመር። እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም። የሰፈር ሰው «ባቡሩ ይቀር እንደሆነ እንጂ ቀናው አይቀርም» ይለኛል፤ እኔም እንደ ሞኝ ደረቴን እነፋለሁ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ዳሲቱ የአገሩ ልጅ ናት። አባቷ ኦልጅራ፣ ፋብሪካው ሳይተከል በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርስ የነበረ፣ ኋላ ለዚያው ፋብሪካ ጥበቃ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው። ልጅቷን በሦስት ዓመቷ ልምሻ ሁለቱንም እግሯን ያዛት። ኦልጅራ ምን ያድርግ? ትከሻው ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት አመላለሳት። አንድ ቀን ሁለት ቀን እንዳይመስላችሁ፣ ስምንት ዓመት ነው! በክረምት ያ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ እስከ ጉልበቱ እየዋጠው፣ እሷ ደብተሯን አናቱ ላይ ዘርግታ፣ እሱ በኦሮምኛ እየዘፈነ፣ በየጠዋቱ የእኔን ሃዲድ ይሻገራሉ። «ኦልጅራ፣ ደህና አደርክ?» ስለው «አለቃዬን አድርሼ መጣሁ» ይለኛል።

ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች ኦልጅራ ሞተ። በሠልስቱ ዕለት አንድ አጎቷ ወደ ድንኳኑ ሊያወጣት ብሎ ብድግ ቢያደርጋት «አውርደኝ! ከአባቴ ሌላ ማንም ሰው አይሸከመኝም» አለችው። አጎትየው አወረዳት። እሷም በእጇ እየተሳበች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ድርጅት በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ሰጣት። ወንበር ሰጡ እንጂ መንገድ ማን ይስጣት? ገና በመጀመሪያው ቀን የፊት ጎማዋ ሃዲዱ ሥር ገብቶ ተቀረቀረ። ሮጬ ሄጄ በብብቷ ሥር እጄን ልሰድ ስል «ጋሽ ቀናው፣ ወንበሩን ይግፉልኝ፣ እኔን አይንኩኝ» አለችኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ከተጣለ ፉርጎ ወለል ላይ ሁለት ሳንቃ ነቅዬ በሃዲዶቹ መሀል አነጠፍኩላት። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ሃዲድ ላይ ባዕድ ነገር ማስቀመጥ ክልክል ነው» ሲለኝ፣ እሺ አልኩና ጠዋት ስታልፍ አነጥፌ አነሳለሁ፣ ማታ ስትመለስ አነጥፌ አነሳለሁ። ስድስት ዓመት። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዘኝ ሕግ አልነበረም።

የት ነው የምትሄደው አትሉም? ወደ ሥራዋ ነዋ። ዳሲቱ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረች። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ በተቀደደ ጃንጥላ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትውላለች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የዛሬዎቹ ሠራተኞች ምን በወጣቸው። እጇ ግን! አንተ ግማሽ ሰዓት ስትለፈልፍ ዝም ብላ ትሰማህና፣ ብሶትህን ከአንተ አሳምራ በአንድ ገጽ ታሰፍረዋለች። እዚያ ሕንፃ ውስጥ በየጠረጴዛው የተቆለለው ወረቀት ግማሹ የእሷ ጽሑፍ ነው። እሷ ራሷ ግን ከምድር ቤቱ አልፋ አታውቅም። ሦስት ፎቅ፣ ደረጃ ብቻ። አሳንሰር የለ፣ መወጣጫ የለ።

እንዲህ እያለች ሳለ አዋጁ ወጣ። አካል ጉዳተኛ ሥራ እንዲያገኝ የሚለው ማለቴ ነው። ነጋሪት ጋዜጣውን ገዝታ በላስቲክ ጠቅልላ ትዞር ነበር። ሳንቃው ላይ ወንበሯን አቁማ ታነብልኛለች፤ ከኋላ ያለው ባለ ጋሪ ይጮሃል፣ እሷ ምን ገዷት። «ይስሙ እስቲ ጋሽ ቀናው፣ ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ ለአካል ጉዳተኛው ይሰጣል ይላል። የሥራ ቦታውንም አሠሪው ያመቻች ይላል።» ፊቷ ሲበራ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ሰሞን አየሁ። እኔ ግን «አይ ዳሲ፣ ወረቀት ነው» አልኳት። «እኔም የምኖረው በወረቀት ነው» አለችኝ።

አዋጁ በወጣ በጥቂት ወሩ ያ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ አወጣ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ሰው። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ለእሷ ተብሎ የተሠራ ነው እኮ የሚመስለው! ሳሪስ ድረስ እየተመላለሰች ኮምፒውተር ተምራ የምስክር ወረቀት ይዛለች፤ የታክሲ ረዳቶቹ «ወንበሩን የት እናድርገው» እያሉ ትተዋት ሲሄዱ ያን ሁሉ መንገድ በእጇ እየዘወረች ነው የተማረችው። ለምዝገባ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ ድንቅነሽ ራሳቸው ከሁለተኛ ፎቅ ወርደው ጃንጥላዋ ሥር መጡ። «አዋጁ አለ እኮ፣ እኛ ነን ወደ አንቺ የምንመጣው» ብለው ማስረጃዋን ተቀብለው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት መረቅኳቸው። ፈተናውም በምድር ቤቱ አዳራሽ ተሰጠ። ስትወጣ «እንዴት ነበር?» ብላት «ለእኔ የወጣ ፈተና ነው» አለች።

ችግሩ የመጣው ከውጤቱ ላይ ነው። በማስታወቂያው ግርጌ እንዲህ የሚል ነገር ነበር፤ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ያለፈ ሰው ከተለጠፈበት ዕለት ጀምሮ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርቦ ሪፖርት ካላደረገ ተጠባባቂው ይተካል። ሰሌዳው የት ነው? ሁለተኛ ፎቅ፣ የሠራተኛ አስተዳደር በር አጠገብ።

ያን ዕለት ማታ ሳንቃው ላይ ወንበሯን አቁማ የጎማዋን ጭቃ በጣቷ ትፍቅ ጀመር። ልመና አይሆንላትም፣ አውቃታለሁ። በመጨረሻ «ጋሽ ቀናው፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ወጥተው ሰሌዳውን ቢያዩልኝ?» አለች። በስድስት ዓመት ውስጥ የጠየቀችኝ ይቺን ብቻ ነው። ሳንቃውን እንኳ በራሴ ነው ያነጠፍኩት እንጂ አልጠየቀችኝም። «ይሄም ነገር ሆኖ ነው!» አልኳት።

ደግሞ ወጣሁ እኮ! ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ምሳዬን ትቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። ሰሌዳው ላይ ያረጀ የእድር ጥሪና የአንድ የጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ ብቻ። ማክሰኞም ምሳ ሰዓት ወጣሁ፣ የለም።

ረቡዕ ጠዋት ከጣቢያው ሰው ተላከብኝ፤ ባቡር ከአዋሽ ተነሥቷል፣ መንገዱን ጠብቅ። ከአርባ ቀን በኋላ ባቡር! ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ብረቱን ዘይት ቀባሁ፣ ፍየሎቹን አባረርኩ፣ ቆምኩ። ምሳ ሰዓት ሆነ። ልሂድ ስል፣ ባቡሩ እኔ በሌለሁበት ቢደርስስ? መኪና ቢገጭስ? ይህን ሁሉ ዓመት ያልሠራሁትን ስህተት ዛሬ ልሥራ? ቀረሁ። ባቡሩም ቀረ። ኋላ እንደሰማነው ጎርፍ ከሃዲዱ ሥር አፈሩን ጠርጎት ኖሯል።

ማታ ዳሲቱ መጣች። «ጋሽ ቀናው፣ ወጣ?» አለችኝ።

«አልወጣም» አልኳት።

አልወጣሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፈርኩ፣ ያቺን አንዲት ነገር ጠይቃኝ እንዴት «ረሳሁሽ» እላታለሁ? ደግሞም፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ መሥሪያ ቤት መቼ ነው አንድ ነገር በቀኑ ለጥፎ የሚያውቀው? ለአንድ ዘበኛ ቅጥር ስምንት ወር የፈጀ መሥሪያ ቤት! ዛሬ ባላይ ነገ አያለሁ፣ ነገ ባላይ ከነገ ወዲያ። የአገሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። ሐሙስም ባቡር ስጠብቅ ዋልኩ፣ «አልወጣም» አልኳት። ዓርብም «አልወጣም» አልኳት። ሰኞ ከቀትር በኋላ ባቡሩ መጣ። ሦስት ፉርጎ፣ ሁለቱ ባዶ። ማታ ሳንቃውን ሳነጥፍላት «ዛሬም የለም» አልኳት።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ወጣሁ።

ተለጥፏል። አንደኛ፣ ዳሲቱ ኦልጅራ፣ ዘጠና አንድ ነጥብ። ሁለተኛዋ ሰባ ስምንት። ቅድሚያም ድጋፍም አላስፈለጋት፣ በራሷ ነው ያለፈችው። ከሥሩ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። ባለፈው ማክሰኞ ተለጥፏል። እኔ አይቼ በወረድኩበት ዕለት ከሰዓት በኋላ! ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ። አምስቱ ትናንት አለቀ። ወይ ነዶ! መሥሪያ ቤቱ በዕድሜው ያልዘገየው ያቺን አንዲት ቀን ብቻ!

ወይዘሮ ድንቅነሽ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። «ልጅቷ እኮ በራችሁ ላይ ናት!» አልኳቸው።

«አባባ፣ ይረጋጉ። የቷ ልጅ?»

«ዳሲቱ! በመስኮት ወዲህ ብቅ ብትሉ ጃንጥላዋ ይታያል!»

ሴትየዋ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ከዚያ ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «ተጠባባቂዋ ዛሬ ጠዋት ሥራ ጀምራለች። እኛ መመሪያው በሚለው መሠረት ለጥፈናል። መለጠፍ እንጂ እየዞሩ መንገር አይጠበቅብንም።»

«ለምዝገባ ወርደው አልነበር እንዴ? በመስኮት አንዴ ቢጠሯት ምን ነበረበት?»

«ለምዝገባ በቅንነት ነው የወረድኩት።»

«አዋጁስ?»

«አዋጁ ቅድሚያ ስጡ ይላል፤ ሰሌዳው የት ይሰቀል የሚል ነገር ግን የለውም» አሉኝ። ከልባቸው ነው የሚናገሩት፣ አላገጡም። እሱ ነው ይብስ ያናደደኝ። አዋጅ የሚያወጣውስ ሰው ሰሌዳ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም?

ወርጄ ነገርኳት። ውጤቱን ነገርኳት፣ ቀኑን ነገርኳት፣ የራሴን ግን አልነገርኳትም። ፊቷ ደም መሰለ። «ዘጠና አንድ?» አለች። «ዘጠና አንድ» አልኳት። ወዲያው ወረቀት መኪናው ውስጥ ከተተችና መምታት ጀመረች። ቅሬታ በአሥር ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው ይቀርባል። እሱም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አመልካቹ በአካል ቀርቦ ይፈርማል። ጣቶቿ ሲሮጡ አይቼ እኔም ንዴቴ ሞቆኝ «በያቸው! አትማሪያቸው!» እላለሁ።

ጨርሳ አነበበችልኝ። «ተራ ቁጥር ሦስት፤ ውጤቱ ማክሰኞ ተለጥፏል የተባለው ሐሰት ሲሆን፣ ከረቡዕ እስከ ሰኞ ድረስ ሰሌዳው ባዶ እንደነበረ፣ በየዕለቱ ወጥተው ያዩት የታመኑት የባቡር መሻገሪያ ጠባቂ አቶ ቀናው ምስክሬ ናቸው። ኋላ ላይ ቀን ወደ ኋላ ተጽፎ መለጠፉን…» አለችና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ብፈርም ምናልባት ሥራውን ታገኝ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይህን አስባለሁ። ግን ወይዘሮ ድንቅነሽ ያልሠሩትን ሠሩ ብዬ ልፈርምባቸው? ልጅቷንስ በውሸቴ ላይ ቤት ልታቆም ልተዋት?

«ዳሲ» አልኳት፣ «ሰሌዳውን አላየሁትም።»

«ምን?»

«ከረቡዕ እስከ ሰኞ። አልወጣሁም። ባቡር እጠብቅ ነበር።»

መንገዱ ላይ ያለው መኪና ሁሉ የቆመ መሰለኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እሷ ግን እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብላ «ባቡሩ መጣ?» አለችኝ።

«ሰኞ። ሦስት ፉርጎ።»

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው ነቅላ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ከነጋሪት ጋዜጣዋ ጋር ላስቲኩ ውስጥ ከተተችው። አዲስ ወረቀት አስገባች። የአሁኑ አጭር ነበር፤ አመልካች መድረስ በማይችልበት ቦታ የተለጠፈ ማስታወቂያ እንደተነገረው አይቆጠርምና አንደኛ፣ ጉዳዬ ይታይልኝ፤ ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ወደ በሩ ይውረድ። ስለ ምስክር አንድም ቃል የለውም። ፈርማ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ነገ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሸከሙኛል» አለችኝ።

ያቺ «አይንኩኝ» ያለችኝ ልጅ! እንባዬ መጣ። ይቅር ብላኝ እንዳይመስላችሁ፤ እያስከፈለችኝ ነው።

በማግስቱ ጀርባዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ዕድሜዬ ያኔ ሃምሳ ስድስት ነበር፣ ጉልበቴም ያመኝ ነበር። ሠራተኛው ከየቢሮው ብቅ እያለ ያያል፣ አንዷ «ምስኪን» አለች። ዳሲቱ ጀርባዬ ላይ እንደ ድንጋይ ደረቀች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለመተንፈስ ስቆም በጆሮዬ «አባቴ ሲሸከመኝ ይዘፍን ነበር» አለችኝ። ደረጃውን ቀጠልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በማግስቱ መስክ ናቸው ተባልን። በሦስተኛው ቀን ማኅተም የያዘችው ልጅ አልገባችም። በአራተኛው ቀን ተቀበሉን። አራት ቀን ሙሉ ተሸከምኳት፣ አራት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ «ደከመዎት?» አላለችኝም። ልክ ናት።

ውሳኔው በሁለት ወሩ ወጣ። የት ተለጠፈ ብትሉኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ! እንዲያው ጉድ እኮ ነው። ግን እኔ በየቀኑ እወጣ ነበር፣ ባቡር ቢመጣም ባይመጣም። አንድ ጊዜም ባቡሩ እኔ ደረጃ ላይ ሳለሁ አልፏል፤ ብረቱን አንድ ባለ ጋሪ ነው ያወረደልኝ፣ ማንም አልሞተም፣ ደመወዜ ተቀጣ። ውሳኔው እንዲህ ይላል፤ አንደኛው ጥያቄ የሪፖርት ማድረጊያው ጊዜ ያለፈበት በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል፣ ሁለተኛው ተቀባይነት አግኝቷል።

ሰሌዳው ወረደ። አዲስ ባለ መስታወት ሰሌዳ አሠርተው ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ወይዘሮ ድንቅነሽ ራሳቸው ቆመው አሰቀሉ፣ ደስ ብሏቸዋል። ሰዎቹ ሚስማሩን የመቱት እጃቸውን ዘርግተው በሚደርሱበት ልክ ነው። እኔ ቆሜ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የማነበው። ዳሲቱ ወንበሯ ላይ ሆና ስታየው ለእሷ የሚታያት የመስታወቱ ብልጭታ ብቻ ነው። «ዝቅ አድርጉት» አልናቸው። ለአንድ ሚስማር ደብዳቤ ጻፉ አሉን፤ ጻፈች፤ መልሱን ዛሬም እየጠበቅን ነው።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ሳንቃውን አንጥፌ ካሻገርኳት በኋላ፣ አብሬያት እሄድና አዲስ የተለጠፈ ካለ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ከላይ እስከ ታች፣ ቀኑንና ማኅተሙን ሳይቀር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ቀናው» ትለኛለች በትሕትና። ከዚያ በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው፣ ተማሪም ይሁን ወታደር፣ ታስቆምና «ወንድሜ፣ እባክህ እዚያ ሰሌዳ ላይ ምን እንዳለ ታነብልኛለህ?» ትለዋለች። ሰውየው ያነባል፣ እሷም ጆሮዋን ሰጥታ ታዳምጣለች። እኔ ኮፍያዬን ይዤ፣ አንብቦ እስኪጨርስ አጠገቧ እቆማለሁ።